ሦስት ማርክ አለብኝ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። በተለይ እኔ ጋ ኢሚዩኖሎጂ የተማራችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ዕዳው ያለብኝ ከመካከላችሁ ለአንዷ ቢሆንም፣ የተሳሳተውን ነገር ያስተማርኩት ሁላችሁንም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2005 ዓ.ም. ፋይናል ላይ አንድ ጥያቄ አወጣሁ። «አንቲቦዲም የቲ ሴል ሪሴፕተርም አንቲጅንን ይይዛሉ። ሴሉ ከነቃ በኋላ የአያያዝ ጥንካሬው የሚለወጠው የየትኛው ነው? ምክንያቱን ግለጽ/ግለጪ።» አራት ማርክ። እኔ የምጠብቀው መልስ ሃንድአውቱ ላይ ያለው ነበር፦ የአንቲቦዲው ብቻ። ቢ ሴል ከነቃ በኋላ የአንቲቦዲውን ጂን በትንሽ በትንሹ ይለዋውጣል፣ የተሻለ የሚይዘው እየተመረጠ ይሄዳል። ቲ ሴል ግን የሪሴፕተሩን ጂን አይነካም፤ ከታይመስ ይዞት በወጣው ሪሴፕተር ዕድሜውን ይጨርሳል።

አንዲት ተማሪ ግን «ሁለቱም» ብላ ጻፈች። ከሥሩም፣ ቃል በቃል ባይሆን በሐሳቡ፣ «የቲ ሴሉ ጂን ባይለወጥም፣ አንድ ጊዜ የነቃ ሴል ከበፊቱ ባነሰ አንቲጅን ስለሚነሳ፣ አፊኒቲው ሳይጨምር አይቀርም» የሚል ነበረበት። በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩት። «ይህ የቢ ሴል ነው፤ አታምታቺ» ብዬም ጻፍኩ። ዜሮ ከአራት።

ቅሬታ ይዛ ቢሮ መጣች። «መምህር፣ ጂኑ ካልተለወጠ ሌላ ነገር ሊለወጥ አይችልም እንዴ?» አለችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያልታረመ ወረቀት ተከምሯል። «ሃንድአውቱን በደንብ አንብቢ» አልኳት። ሃንድአውቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። እሷም አመስግና ወጣች፤ ማመስገኗ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

ባለፈው ወር ይህችው ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ውጭ አገር ላብ ውስጥ እየሠራች ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ይህቺን አይተው ይፍረዱ» የሚል አጭር መልእክትና አንድ ምስል። ምስሉ ላይ ሁለት ጉብታዎች አሉ። የሁለቱም ሴሎች ሪሴፕተር አንድ ዓይነት ነው፣ የሪሴፕተሩ ብዛትም ተቀራራቢ ነው። አንደኛው ገና ያልነቃ፣ ሁለተኛው የነቃና ያረፈ። የነቃው ጉብታ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፤ ማለትም ያንኑ የሚያበራ ሞለኪውል አብዝቶ ይዟል።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። አያስፈልግምም ነበር።

እንግዲህ ከባዮሎጂ ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ ለተለያያችሁ ወዳጆቼ ነገሩን ትንሽ ላብራራ። ቫይረስ ሴል ውስጥ ሲገባ፣ ሴሉ ውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖች ቆራርጦ ትንንሽ ቁራጭ ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር አሚኖ አሲድ ርዝመት ያለው። ይህን ቁራጭ ኤምኤችሲ በሚባል ሞለኪውል መዳፍ ላይ አስቀምጦ በገጹ ላይ ያሳያል። ሰው ላይ ሲሆን ስሙ ኤችኤልኤ ነው፤ ኩላሊት ለመለገስ «ይገጥማል ወይ» ተብሎ የሚመረመረው እሱ ነው። ቲ ሴል እየዞረ እነዚህን መዳፎች ይዳስሳል። የራስ ቁራጭ ከሆነ ያልፋል፣ የባዕድ ከሆነ ይነሳል። ቲ ሴል ቁራጩን ለብቻው ሳይሆን ከያዘው መዳፍ ጋር አብሮ እንደሚያውቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳዩት ካንቤራ ይሠሩ የነበሩት ዚንከርናጌልና ዶሄርቲ ናቸው፤ በ1996 ኖቤል ተሸለሙበት። በ1987 ደግሞ የመዳፉ ቅርጽ በኤክስሬይ ታየ፤ መሀሉ ላይ ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ ቁራጩ። በጣም የሚያምር ምስል ነው። እኔም ለዓመታት ስላይድ ላይ ለጥፌ «ቁልፍና ጓጉንቸር» እያልኩ አስተማርኩበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ሆነ እጃችሁ ላይ ያው ቁልፍ ነው፤ ባለቤቱ ቢተኛ ቢነቃ ጥርሱ አይለወጥም። እኔም በዚህ ስሌት ሪሴፕተሩ አንድ ከሆነ አያያዙም አንድ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አያያዙ ደግሞ ስትለኩት የሚያስቅ ነው። ጥሩ አንቲቦዲ አንቲጅኑን የሚይዝበት ጥንካሬ በናኖሞላር ይለካል፣ አንዳንዱም ከዚያ የተሻለ ነው። የቲ ሴል ሪሴፕተር ግን በማይክሮሞላር ነው፤ ከአንድ እስከ መቶ ማይክሮሞላር ገደማ። በሌላ አነጋገር ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ የደከመ። ይይዛል፣ በሴኮንዶች ውስጥ ይለቃል። ይህ ደካማ እጅ ያለው ሴል ግን በሌላ ሴል ገጽ ላይ ካሉት ብዙ ሺህ መዳፎች ውስጥ ከአሥር ያነሱ የባዕድ ቁራጮችን ለይቶ መነሳት ይችላል። የሚያስገርመውም ይኸው ነው፤ በጓጉንቸር ምሳሌ ይህን ማስረዳት አይቻልም።

አሁን ወደ 2001 እንሂድ፤ እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በሉ፣ እኔ ፈተናውን ካወጣሁበት አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ። በዚያ ዓመት ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ተመራማሪዎች፣ የሽኔክና የኤዲዲን ቡድን፣ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። ከአይጥ ቲ ሴል ወሰዱ፣ ሪሴፕተሩ አንድ ዓይነት የሆነ። ግማሹ ያልነቃ፣ ግማሹ የነቃ። ሁለት መዳፍ ያለው ሰው ሠራሽ ኤምኤችሲ አዘጋጅተው ማን አጥብቆ እንደሚይዝ ለኩ። የነቃው ሴል ከ20 እስከ 50 እጥፍ በሚደርስ ጥንካሬ ያዘ። ጂኑ ያው፣ ሪሴፕተሩ ያው፣ ቁራጩም ያው!

ታዲያ ምን ተለወጠ? እጃችሁን ተመልከቱ። በአንድ ጣት እንጀራ ቆርሳችሁ ወጥ መጠቅለል ትችላላችሁ? አትችሉም። ጣቶቹ ሲሰበሰቡ ግን ጉርሻ ይሠራሉ። የአንዱ ጣት ጉልበት አልጨመረም፣ ጣቶቹ ናቸው የተጠጋጉት። ሪሴፕተሮቹም እንዲሁ ናቸው። ባልነቃው ሴል ገጽ ላይ በብዛት ተበታትነው፣ አንድ አንድ ሆነው ይንሳፈፋሉ። ሴሉ ሲነቃ በትንንሽ መንጋ ይሰባሰባሉ። ሁለት መዳፍ ያለው ነገር ሲመጣ አንዱ ሪሴፕተር ቢለቅ ጎረቤቱ ይዞ ይቆያል፤ የለቀቀውም ሳይርቅ መልሶ ይይዛል። አፊኒቲ የምንለው የአንድ ለአንድ ጉልበት ነው፣ አቪዲቲ ደግሞ የድምሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚሉት አባቶቻችን አቪዲቲን ከእኔ በተሻለ ያስተምሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ይህን ምስል የሚያጠናክር ብዙ ሥራ ወጣ። በ2011 ቀደም ብሎ አንቲጅን ያየ ቲ ሴል ካላየው ይልቅ ብዙ የተሰባሰቡ ሪሴፕተሮች እንዳሉት ታየ። የሴሉ ሽፋን ውስጥ ያለው ቅባት፣ በተለይ ኮሌስትሮል፣ በዚህ መሰባሰብ ውስጥ እጁ አለበት። አዎ፣ ሐኪም ሲያያችሁ «ቀንሱ» የሚላችሁ ኮሌስትሮል ነው፤ ግን እዚህ የምናወራው ደም ውስጥ ስላለው ሳይሆን የሴሉ ቆዳ ውስጥ ስላለው ነው። (ከዚህ ተነስቶ «ቅቤ ብሉ ቲ ሴላችሁ ይጠነክራል» የሚል ፖስት የሚጽፍ እንዳይመጣ። ካያችሁ ሪፖርት አድርጉልኝ።)

ስኳርም አለበት። ያልነቃ ቲ ሴል ገጹ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር ለብሷል፤ ይህ ስኳር ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ነገሮችን ያራርቃል። ሲነቃ ይህ ልብስ ይሳሳል፣ ከኤምኤችሲ ጋር መቀራረብም ይቀላል። እዚያው 2001 ላይ ሌላ ቡድን ስለ ሌላ የስኳር ቅርንጫፍ አንድ ነገር አሳየ። ይህን ቅርንጫፍ የሚሠራ አንድ ኤንዛይም የሌላቸው አይጦች ቲ ሴላቸው በትንሽ ነገር ይነሳል፣ የገዛ አካላቸውንም ወደ ማጥቃት ያዘነብላል። ምክንያቱ ስኳሩ እንደ መረብ ሆኖ ሪሴፕተሮቹ እንዳይሰባሰቡ ይይዛቸው ስለነበር ነው። ስለዚህ መራራቁ ጉድለት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ጥንቃቄ ነው። ያልነቃ ሴል ቶሎ እንዳይቆጣ።

እኔን በግሌ ያፈረሰኝ ግን የ2010ሩ ነው። እስከዚያ ድረስ «የሪሴፕተሩ ጥንካሬ ይህን ያህል ነው» የምንለው ቁጥር የሚመጣው ከየት ነበር? ሪሴፕተሩን ከሴሉ ቆርጠን፣ አጥበን፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ለጥፈን፣ በላዩ ላይ ፈሳሽ አሳልፈን ነበር የምንለካው። በዚያ ዓመት ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ከስታንፎርድ ሌላው ከጆርጂያ ቴክ፣ ሴሉ ላይ እንዳለ ለኩት። ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሴሉ ላይ ሲሆን በፍጥነት ይይዛል፣ ከጠበቅነውም ፈጥኖ ይለቃል። የስታንፎርዶቹ የሴሉን የውስጥ አጽም፣ አክቲኑን፣ ሲያፈርሱት ደግሞ የመልቀቁ ፍጥነት ተለወጠ። ሴሉ በጡንቻው እየጎተተ ነው ማለት ነው! ቁልፉን የያዘው እጅ አያያዙ ላይ ድርሻ አለው። እኛ ደግሞ እጁን ቆርጠን ጥለን ቁልፉን ብቻ ስንመዝን ኖረናል።

ፍትሐዊ ለመሆን ተቃራኒውንም ልናገር። መንቃት ሁልጊዜ መያያዝን አይጨምርም። ሴሉ ገና እንደነቃ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ሪሴፕተሮቹን ወደ ውስጥ ይስባል። ያን ጊዜ ቴትራመር በሚባለው፣ አራት መዳፍ ባለው የሚያበራ መመርመሪያ ብትፈልጉት ሴሉ የለም ይላችኋል። ሥራ ላይ ነው እኮ! ልክ ቢሮ ሄዳችሁ «የሉም» ሲሏችሁ፣ ሰውየው ግን ውስጥ ስብሰባ ላይ እንዳለው። ላብ ውስጥ ያላችሁ ልጆች ይህን ልብ በሉ፤ ናሙና የተወሰደበት ቀን መልሱን ይለውጣል። ዳሳቲኒብ የሚባለውን የደም ካንሰር መድኃኒት ለጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ሪሴፕተሩ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አድርጎ ማቅለም የተለመደ ዘዴ የሆነውም ለዚህ ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለፈተና ማርክ ካልሆነ በቀር ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። አንድ አሳዛኝ ታሪክ ልንገራችሁ። ካንሰርን በቲ ሴል ለማከም የሚሠሩ ሰዎች «ሪሴፕተሩ ደካማ ነው፣ እናጠንክረው» ብለው አሰቡ። ማጅ ኤ3 የሚባል የካንሰር ፕሮቲን ቁራጭን አጥብቆ እንዲይዝ ሪሴፕተሩን ላብ ውስጥ አሻሻሉት፤ በታማሚዎቹ የራሳቸው ቲ ሴል ውስጥም አስገቡት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታማሚዎች በቀናት ውስጥ በልብ ድካም ሞቱ። ሪፖርቱ በ2013 ወጣ። የተሻሻለው ሪሴፕተር ቲቲን የሚባል የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ቁራጭንም ይይዝ ነበር። በተለመደው የሴል ምርመራ አልታየም፤ የታየው ከግንደ ሴል የተሠሩ፣ ሳህን ላይ የሚመቱ የልብ ሴሎች ላይ ሲሞከር ነው።

እነዚያ ሳይንቲስቶች ግዴለሾች አልነበሩም፤ ያለውን ምርመራ ሁሉ አድርገዋል። እኔ የማነበው ግን ሌላ ነገር ነው። ተፈጥሮ የእያንዳንዱን ሪሴፕተር እጅ ደካማ አድርጋ የተወችው ስላልቻለች አይመስለኝም። አንዱን እጅ በቋሚነት ካጠነከራችሁት፣ ሴሉ ቢነቃም ባይነቃም፣ ወዳጅንም ጠላትንም አጥብቆ ይይዛል። በመሰባሰብ የሚመጣ ጥንካሬ ግን እንደ ሁኔታው ይመጣል፣ እንደ ሁኔታው ይሄዳል። ጓጉንቸርና ቁልፍ ብቻ የተማረ ሰው «ቁልፉን እናሹለው» ማለቱ አይቀርም። ተማሪዎቼን በዚህ መልኩ ነው የሠራኋቸው፤ ለዚህ ነው የተቆጣሁት፣ በራሴ ላይ።

ወደ አገራችን ልምጣ። የእኔ ትውልድ ስለ ቲ ሴል የሰማው ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ከ«ሲዲ ፎር» ነው። «ሲዲ ፎሩ ስንት ሆነ?» በየቤቱ በሹክሹክታ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ አምስት መቶ፤ ሰው መድኃኒት የሚጀምረውና የሚጠብቀው በዚህ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ሕይወት አድኗል፣ አልክድም። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በኢትዮጵያና በሆላንድ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥር፣ ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከሆላንዳውያን ጋር ተነጻጽረው ነበር። በ1999 የወጣው ውጤት የእኛ ሰዎች ያልነቁ ቲ ሴሎች ያነሱ፣ የነቁት ደግሞ የበዙ መሆናቸውን አሳየ። የሲዲ ፎር ቁጥራችንም ዝቅ ይላል። ያ ጥናት የለካው የሴል ገጽ ምልክቶችን እንጂ አያያዝን አይደለም፤ ስለዚህ «የእኛ ሪሴፕተር አጥብቆ ይይዛል» ብላችሁ እንዳትዘሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሴል ሁኔታ ለውጥ ያመጣል ብሎ ማስተማር ያለበት አገር ቢኖር የእኛ ነው። የሕዝባችን ቲ ሴል ከመጽሐፉ ቲ ሴል በሁኔታው ይለያል፤ እኛ ደግሞ ሁኔታ የሌለበት ጓጉንቸር እናስተምራለን። ከውጭ የመጣ ስላይድ ላይ አርማችንን ለጥፈን።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ለሦስተኛ ዓመት ልጅ አቪዲቲና ኮሌስትሮል ልታወራው? መጀመሪያ ቀላሉን ይያዝ፤ የቀረውን ማስተርስ ላይ ያገኘዋል» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር መጫን አይቻልም፣ ሦስት ክሬዲት ነው ያለን። ግን ቀላል አድርጎ ማስተማርና ጥያቄን በቀይ መሰረዝ ይለያያሉ። ቀላሉን አስተምረን «ይህ መጀመሪያው ነው» ማለት እንችላለን። እኔ ያደረግኩት ግን በሩን መቆለፍ ነው። ማስተርስ የማይደርሰው ልጅስ? ወረዳ ሆስፒታል ላብራቶሪ ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ ውጤት የሚያነበው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አራቱንም ማርክ ልስጣት ብዬ አስቤ ነበር፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ለጋስ መሆን ይወዳል። ግን ልክ አይሆንም፤ እሷም አትወደውም። «አፊኒቲው ጨመረ» ብላለች። በዚያ በ2001ዱ ሥራ የጨመረው አፊኒቲው ሳይሆን አቪዲቲው ነው፤ አንዱ ጣት ያው ነው። አንድ ማርክ ይቀነሳል። የቀረው ሐሳብ፣ ጂን ሳይለወጥ አያያዝ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ያውም አንድም ጽሑፍ ሳታነብ፣ ባነሰ አንቲጅን መነሳቱን ብቻ አይታ መገመቷ፣ ሦስት ማርክ ነው። በዚያ ላይ «ሳይጨምር አይቀርም» ብላ በጥንቃቄ ነው የጻፈችው። እኔ በጻፍኩት ላይ ግን «አይቀርም» የሚል ቃል የለበትም።

ይህንን ሁሉ ጽፌ ላኩላት። የመለሰችልኝ «መምህር፣ በሦስት ማርክ እኮ ቢ ፕላሱ ኤ ማይነስ ይሆን ነበር» የሚል ነው፤ ከሚስቅ ፊት ጋር። ውጤቱ ሬጅስትራር ዘንድ ከተዘጋ ቆይቷል፣ እሱን ማስከፈት አልችልም። ሃንድአውቱን ግን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ከገጽ 31 እስከ 34 ያለውን አውጥቼ ጥያቄዋን በርዕስነት አስገብቻለሁ፦ «ጂኑ ካልተለወጠ ሌላ ነገር ሊለወጥ አይችልም እንዴ?» ስሟን አልጻፍኩም፣ አትጻፍ ብላኛለች። አዲሱን ኮፒ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። አሮጌውን የያዛችሁና አሁን እናንተም የምታስተምሩበት ልጆች ደግሞ፣ እባካችሁ እነዚያን አራት ገጾች ቅደዷቸው።